ከ3.3 በመቶው ውጪ የቀረነው

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን ውጤት ይፋ አደረጉ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። ከ1,100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ያን ሰሞን ሬዲዮው፣ ታክሲው፣ ቡና ቤቱ ሁሉ ስለዚህ ቁጥር ነበር የሚያወራው። ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተባለ፤ ስለ ኩረጃም ብዙ ተባለ። የተቀረው ልጅ በማግስቱ ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚያደርግ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

እኔ ከተቀሩት አንዷ ነኝ። ያደግሁት ጪጩ ነው፤ ጌዴኦ ዞን፣ ዲላ ዙሪያ። ዛሬ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው እኔ አልፌያለሁና እናንተም ታልፋላችሁ ለማለት አይደለም። ለፈተናው እንደገና ልቀመጥ ወይስ የተከፈተልኝን ሌላ በር ልግባ በሚለው ጥያቄ ውስጥ የከረመ ሰው ምን እንደሚያይ ለመመስከር ነው። ያ ጥያቄ ከፈተናው በላይ ፈትኖናል።

ሕክምና የመማር ሐሳብ የመጣብኝ በ2010 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከሁለቱም ወገን ከቤቱ ተፈናቀለ። የእናቴ ዘመዶች ከምዕራብ ጉጂ፣ ከቀርጫ በእግራቸው መጡ፤ ቤታችን ሞላ፣ የጎረቤት ቤት ሞላ፣ ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ሞሉ። ከመጡት መካከል የአክስቴ ልጅ ነበረች፣ ገና መሄድ የጀመረች። ተቅማጥ ያዛት። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሆዷ ላይ ያለው ቆዳ ሲቆነጥጡት እንደተቆነጠጠ ሲቀር አይቻለሁ። በሸራ ድንኳን ውስጥ የሚሠራ ወጣት ሐኪም በማንኪያ እየለካ ኦ.አር.ኤስ. አጠጣት፤ ለአክስቴም በየስንት ደቂቃው እንደምታጠጣት ደጋግሞ አሳያት። በማግስቱ ልጅቷ አለቀሰች፣ እንባዋም ወረደ። ሐኪሙ እንባውን አይቶ ነው ደስ ያለው። ለምን እንባ እንዳስደሰተው ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ለማወቅ ግን ፈለግሁ። ከዚያ ወዲህ ምን መሆን እንደምፈልግ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው።

ፈተናውን የወሰድነው በጥቅምት 2015 ነው። በየትምህርት ቤቱ መፈተን ቀርቶ ሁሉም ተፈታኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዲፈተን የተደረገበት የመጀመሪያው ዙር እኛ ነን። ብርድ ልብስና አንሶላ ተሸክመን፣ ደረቅ ምግብ ቋጥረን፣ ስልክ ቤት ትተን፣ በር ላይ ተፈትሸን ገባን። ወሩ በኛ አገር እሸት ቡና የሚደርስበት፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል ሰው ሁሉ ለቀማ የሚወጣበት ነው። በፈተናው ዋዜማ እጄ በቡና ጭማቂ እንደጠቆረ ነበር። አብረውኝ የተኙት ልጆች እጅም እንዲሁ ነበር። ሌሊቱን በአንድ ክፍል ሆነን ስናጠና አንዳችን የሌላችንን ጣት እያየን ፈገግ እንል ነበር።

ውጤት የወጣ ዕለት ኔትወርኩ ተጨናንቆ የፈተናዎች አገልግሎት ድረ ገጽ አልከፍት አለ። በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ ከዲላ ደውሎ አነበበልኝ። ባዮሎጂ 62፣ ኬሚስትሪ 55፣ ሒሳብ 38፣ ፊዚክስ 29፤ ሌሎቹ ሦስቱ ሃምሳ ዙሪያ። ድምሩ ከ700 ውስጥ 329። ማለፊያው 350 ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን እንዲህ ነው የማስታውሰው፤ ሰው ሁሉ ስንት አመጣሽ ይለኛል። ወፍጮ ቤት፣ ውኃ መቅጃው ጋ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ቆሜ እንኳ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ብዙዎቹ ልጆቻቸው አብረውኝ ወድቀዋል። ጥያቄው ግን ቁጥር ይፈልጋል፣ ቁጥሩን ስነግራቸው ደግሞ ሌላ የሚሉት ነገር የላቸውም። ብዙዎቻችን መንገድ መቀየር ጀመርን። ቀን ቀን ከቤት አልወጣም ያለች ጓደኛ ነበረችኝ። ሌላው የክፍል ጓደኛችን ደብተሮቹን በሙሉ ሰብስቦ አቃጠለ። እናቱ ምድጃው ጋ ቆማ ስታይ ምንም አላለችውም። አንድ ከተማ ልጆቹ ሁሉ ባንድ ቀን ሲወድቁ መጮህ የነበረበት ሰው ሁሉ ዝም ነው ያለው፤ ዝምታው ውስጥ እያንዳንዳችን ጥፋቱ የራሳችን ብቻ ነው ብለን አመንን።

በኋላ መንግሥት ሬሜዲያል የሚባለውን አቋቋመ። 50 በመቶ ሳያመጡ የተሻለ ነጥብ ያላቸው ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለጥቂት ወራት ማካካሻ ይማራሉ፤ መጨረሻ ላይ ተፈትነው ያለፉት አንደኛ ዓመት ይገባሉ። የመግቢያ ነጥቡ ለሴቶች ዝቅ ያለ ስለነበር እኔ በደንብ እገባ ነበር። ሌላው መንገድ በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ በሐምሌ 2015 ለሙሉው ፈተና እንደገና መቀመጥ ነው። ሁለቱም፣ ከተሳኩ፣ በ2016 አንደኛ ዓመት ያደርሳሉ። ስለዚህ በጊዜ አይበላለጡም። የሚበላለጡት በሌላ ነው።

አጎቴ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀመጠው። «ሬሜዲያል ከገባሽ ምግብሽን መንግሥት ይችላል፣ መኝታ አለሽ፣ አስተማሪ አለሽ። ቤት ከተቀመጥሽ ግን ይሄው ቤቱ ነው። ከወደቅሽ ደግሞ ሁለቱንም አጣሽ። በጃችን ያለውን ለምን እንለቃለን?» አለኝ። እውነቱን ነው። የኔ ሥጋት ሌላ ነበር። የሕክምና ቦታ በየዩኒቨርሲቲው ጥቂት ነው፤ ፈላጊው ብዙ ነው። ለምደባ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይታያል የሚል ነበር፣ አይታይም የሚል ነበር፣ ከሬሜዲያል የመጣ ሕክምና አይገባም የሚል ወሬም ነበር። ቴሌግራም ላይ በየሰዓቱ ሌላ ነገር ይወጣል። በወሬ ላይ ሕይወቴን ልወስን አልፈለግሁም፤ ግን ሌላ የምወስንበት ነገር አልነበረኝም።

ያ ነገር የመጣው ከባዮሎጂ መምህራችን ነው። ቤቱ ሄጄ «ቲቸር፣ ልድገም ወይስ ሬሜዲያል ልግባ?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ያለፉ ዓመታት የፊዚክስና የሒሳብ ፈተናዎችን ከመደርደሪያው አውጥቶ ሰጠኝና «ሰዓት ይዘሽ ሥሪ። ከዚያ የተሳሳትሽውን እያንዳንዱን ጥያቄ መጀመሪያ የተማርሽው ስንተኛ ክፍል፣ የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ጻፊልኝ። ሳትጽፊ እንዳትመጪ» አለኝ።

ሠራሁት። ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ኃይል፣ ስለ ሙቀት የሚጠይቁትን አብዛኞቹን አግኝቻለሁ። የተሳሳትኳቸው በማግኔት፣ በኤሌክትሮማግኔቲክ ኢንዳክሽን፣ በብርሃንና በሌንስ ዙሪያ ተከማችተዋል። ሒሳብ ላይም ትሪጎኖሜትሪ ያለበት ሁሉ ጠፍቷል፤ ካልኩለሱ ገብቶኝ ውስጡ ያለው ሳይን ኮሳይን ላይ ስደርስ እቆማለሁ። የ12ኛ ክፍል ምዕራፎች ናቸው፤ መሠረታቸውን ስፈልግ ግን ሁሉም ወደ አንድ ቦታ መለሱኝ፣ ወደ 10ኛ ክፍል።

የ10ኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፌ ሳይመለስ እቤት የቀረ ነው። አወጣሁት። ግማሹ የቆሸሸ ነው፤ በእርሳስ የተሞነጫጨረ፣ ጠርዙ የታጠፈ፣ የጣት አሻራ ያለበት። ኤሌክትሮማግኔቲዝም ከሚለው ምዕራፍ ጀምሮ ያለው ግን ንጹሕ ነው። ገጾቹ ሲገለጡ ገና ይንኮሻኮሻሉ። የሒሳቡም እንዲሁ፣ ከኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ በኋላ አንድም የእርሳስ ምልክት የለበትም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በቀጣዩ ዓመት ስንመለስ 11ኛ ክፍል ገባን። እነዚያን ምዕራፎች ማንም አላስተማረንም፤ እንዳልተማርናቸውም ማንም አልነገረንም። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርት የቆመው ግን በነሱ ላይ ነበር።

መጽሐፉን ይዤ ወደ መምህሩ ተመለስኩ። ንጹሑን ግማሽ ገልጦ ትንሽ አየው። «የጎደለሽ ልክ አለው፤ ከዚህ እስከዚህ ነው። ልክ ያለው ነገር በስድስት ወር ይሞላል። ልትደግሚ ትችያለሽ» አለኝ። ያችን ቀን ነው ከጥር 19 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የተነፈስኩት። 29 የሚለው ቁጥር ስለ ጭንቅላቴ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። የሚናገረው ስለ አንድ ያልተማርነው ወቅት ነበር።

አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የተማርነው ጓደኛዬም እንደኔ ሐኪም መሆን ይፈልግ ነበር፤ መምህሩ ለሱም ያንኑ መልመጃ ሰጠው። የሱ ስሕተቶች አንድ ቦታ አልተከማቹም። በሁሉም ትምህርት፣ በሁሉም ምዕራፍ ተበትነዋል። መምህሩ ከጎኑ ተቀምጦ ጥያቄዎቹን በአማርኛ ሲያስረዳው ልጁ አብዛኞቹን ይመልሳል። ችግሩ እንግሊዝኛውን አንብቦ ሳይጨርስ ሰዓቱ ማለቁ ነው። «ይሄ ብቻህን ቤት ተቀምጠህ እስከ ሐምሌ የምትዘጋው አይደለም። ሬሜዲያል ግባ። ቀን ከሌት በእንግሊዝኛ የምትማርበት ቦታ ይሻልሃል» አለው። ጓደኛዬ ተከፋ። እሷ ትችላለች እኔ አልችልም ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። መምህሩ የመለሰለትን አልረሳም፤ «የሷ ጉድለትና ያንተ ጉድለት አንድ ዓይነት ስላልሆነ መድኃኒቱም አንድ አይሆንም። ማን ይበልጣል የሚል ነገር እዚህ ውስጥ የለም።»

ለሁለታችንም የነገረን ሌላ ነገር አለ። ሕክምና አንድ በር ብቻ የለውም። በ2004 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ባንድ ጊዜ ተከፍተው፣ በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች በመግቢያ ፈተና እየመረጡ ሐኪም ማድረግ ጀምረው ነበር። ከኛ ብዙ የማይርቀው ይርጋለም ሆስፒታልም ያኔ የሕክምና ኮሌጅ ሆኗል። ነርስ ሆኖ፣ ጤና መኮንን ሆኖ፣ የባዮሎጂ መምህር ሆኖ ከርሞ ሐኪም የሆነ ሰው በየሆስፒታሉ አለ። ይህን ማወቄ ጭንቀቴን ግማሽ አደረገው። ብወድቅ የሚዘጋው አንድ መንገድ እንጂ ሕይወቴ አልነበረም።

በሌላውም ዓለም ፈተና መድገም የተለመደ እንደሆነ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። ሕንድ ውስጥ ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ በየዓመቱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ወጣት ይፈተናል፤ አንድ ዓመት ለድጋሚ የሚዘጋጀው ብዙ ከመሆኑ የተነሳ ኮታ የምትባለው ከተማ በነሱ የታወቀች ናት። አሜሪካ ውስጥ የሕክምና መግቢያውን ፈተና በሕይወት ዘመን እስከ ሰባት ጊዜ መውሰድ ይፈቀዳል።  ጪጩ ውስጥ እንደ ነውር የሚታየው ነገር ሌላ አገር ደንብ የወጣለት መደበኛ ጉዳይ ነው።

ጉድለቱ ልክ እንዳለው ካወቅሁ በኋላ የቀረው የቤታችን ጉዳይ ነበር። ከባዱም እሱ ነበር። ትምህርት ቤት የማትሄድ ሴት ልጅ ቤት ካለች የቤቱ ሥራ የሷ ነው፤ ይህ በኛ ቤት ብቻ ያለ አይደለም። እንሰት መፋቅ አለ፣ ውኃ አለ፣ እንጨት አለ፣ ታናናሾቼ አሉ፣ ቅዳሜ ገበያ አለ። እናቴ ወገቧን ያማታል። ሬሜዲያል የገባች ልጅ ሩቅ ናት፤ ለሥራ የሚጠራት የለም። የኔ ድጋሚ ፈተና ዋጋው ገንዘብ አልነበረም፣ ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱ ደግሞ የእናቴ ጉልበት ነው።

አንድ ማታ እንሰት ፍቀን ስንጨርስ ነገርኳት። እጃችን ገና እርጥብ ነው። «እማዬ፣ ልደግም ነው የምፈልገው። ግን ከጠዋት እስከ ቀትር ማንም ካልጠራኝ ብቻ ነው የሚሆነው። ካልሆነ ሬሜዲያል እገባለሁ፣ አልከፋም» አልኳት። ዝም ብላ እጇን ታጠበች። ከዚያ «እስከ ቀትር?» አለች። አዎ አልኳት። «ከቀትር በኋላስ?» «ከቀትር በኋላ ያንቺ ነኝ» አልኳት። ታናሽ ወንድሜን ጠራችው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። «ከነገ ጀምሮ ውኃው ያንተ ነው» አለችው። ልጁ ውኃ የሴት ሥራ ነው ብሎ ሊከራከር አፉን ሲከፍት አባቴ ከውጭ ሆኖ «ሰምተሃል አይደል?» አለው። በቃ፣ ያ ሆነ።

አባቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስንት አመጣሽ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ ቡናው ሥር ሆነን «የትኛው ነው ያቃተሽ?» አለኝ። ማግኔት አልኩት። «እሱስ ይለመዳል» ብሎ መኮትኮቱን ቀጠለ። ስለ ማግኔት ምንም አያውቅም። ጥያቄው ግን በዚያ ሰሞን ከሰማሁት ሁሉ የሚሻል ጥያቄ ነበር።

የጥናቱን ወራት ማስረዘም አልፈልግም። መብራት ይጠፋል፣ በባትሪ አጠናለሁ። መጽሐፉን ከንጹሑ ገጽ ጀምሬ እንደ 10ኛ ክፍል ተማሪ አንድ በአንድ ሠራሁት፤ የ12ኛውን የነካሁት ያንን ስጨርስ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ዲላ እየወጣሁ ንባብ ቤት ውስጥ ከሌሎች ደጋሚዎች ጋር እቀመጥ ነበር። እዚያ ያየሁት ነገር ልቤን ነክቶኛል። ከመካከላችን አንድ በጣም ጎበዝ ልጅ ነበር፤ የሚደግመው በእልህ ነው። የተሳሳተውን አልመረመረም፤ ያንኑ ሾርት ኖት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደግሞ ደጋግሞ ያነባል። እንቅልፍ የለውም፣ ምግብ አይበላም። ምክር ስንሰጠው «ሰው ፊት መቆም የምችለው ሳልፍ ብቻ ነው» ይለናል። ድካሙ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ውጤቱ ግን ከመጀመሪያው ብዙም አልራቀም። ዛሬ ዲላ ውስጥ የቡና ሥራ ላይ ነው፣ ሥራውንም ያውቅበታል፤ ሳገኘው ግን ያን ዓመት አናነሳውም። ኀፍረት ያንን ልጅ ጎበዝ አላደረገውም፤ ጤናውን ነው የወሰደው።

በሐምሌ 2015 በድጋሚ ብርድ ልብሳችንን ተሸክመን ገባን። የፊዚክስ ፈተና ዕለት ወረቀቱን ገልጬ መጀመሪያ ያየሁት ጥያቄ ሽቦ ጥቅልል ውስጥ ስለሚገባ ማግኔት ነበር። የማግኔቱ ጫፍ ሲቀርብ የጅረቱ አቅጣጫ ወዴት ይሆናል ይላል። ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ አውራ ጣቴን አቁሜ፣ ጣቶቼን አጥፌ አየሁት። ክቡን አጠቆርኩ። ባለፈው ፈተና እንዲህ ያለውን በግምት ነበር የማልፈው። ውጤቱ ምንም ይሁን፣ ያችን አንድ ጥያቄ አውቄ መሥራቴን በልቤ ይዤ ወጣሁ።

ክረምቱ ረዘመ። መስከረም 6 ቀን 2016 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እንሰቱ፣ ቡናው፣ በላያቸው የሚያጠላው ዛፍ፣ ትክል ድንጋዮቹ፣ ስንፍቀውና ስንለቅመው የኖርነው ሁሉ የዓለም ቅርስ ተባለ። ዲላ ላይ ሰው ጨፈረ። አባቴ ዜናውን ሰምቶ ወደ ጓሮ ወጥቶ እንሰቱን ሲያይ ቆየ። እኔ ደስታውን በግማሽ ልብ ነው የተካፈልኩት፤ ውጤት አልወጣም ነበር።

መስከረም 28 ወጣ። ከ845,188 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ነበሩ፤ 3.2 በመቶ። ፈተናው አልቀለለም፣ እንዲያውም ያለፈው ሰው አነሰ። እኔ አልፌ ነበር፤ ድምሬ ከ400 በላይ፣ ፊዚክስ 57፣ ሒሳብ 61። እናቴ እልል አላለችም። ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነስታ ለጎረቤት ቡና አፈላች።

ምስክርነቴ እዚህ ቢያበቃ ግን ግማሽ ውሸት ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመጀመሪያው ዓመት የሁሉም ነው፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ እንማራለን። ሕክምና የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔ በነበርኩበት ትልቁን ድርሻ የያዘው የዚያው የአንደኛ ዓመት ውጤት ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ፈተናውን በመጀመሪያ ያለፉ፣ ደግመው ያለፉና ከሬሜዲያል የመጡ ልጆች ተደባልቀን ተቀመጥን። ማን በየትኛው በር እንደገባ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም። በሎጂክ ፈተና ከክፍላችን ከፍተኛውን ያመጣችው ልጅ ከሬሜዲያል የመጣች ነበረች። ያ ሁሉ የጥር ወር ጭንቀት፣ ያ ሁሉ የቴሌግራም ወሬ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከማናችንም አፍ ጠፋ። የቀረው ማን ምን ያውቃል የሚለው ብቻ ነው።

ጓደኛዬም ሬሜዲያሉን አለፈ። ዛሬ ሚድዋይፈሪ እየተማረ ነው። ባለፈው ክረምት ጪጩ ስንገናኝ ስላዋለዳት የመጀመሪያ እናት ነገረኝ። እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል። ሕክምና መግባት ይፈልግ ነበር፣ አልገባም፤ አሁን ዲግሪውን ሲይዝ እንደሚወዳደር ይናገራል። ካልሆነም አይከፋውም። ያኔ መምህሩ ቤት ደጅ ላይ ተከፍቶ የቆመው ልጅና ይህ ሰው አንድ መሆናቸውን ለማመን ይቸግረኛል።

እኔ ደግሞ ፊዚዮሎጂ ክፍል ውስጥ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ሶዲየምና ፖታሲየም በሕዋስ ሽፋን በኩል ሲገቡና ሲወጡ በውስጥና በውጭ መካከል የኤሌክትሪክ ልዩነት ይፈጠራል። ነርቭ መልእክት የሚያደርሰው በዚያ ነው፤ ልብም የሚመታው በዚያ ነው። ኢ.ሲ.ጂ. የሚባለው መሣሪያ ደረት ላይ ተለጥፎ የሚጽፈው ያንኑ ኤሌክትሪክ ነው፤ አቅጣጫውን ካላወቁ ሞገዱ ወደ ላይ ለምን እንደወጣ አይነበብም። የአክስቴ ልጅ በተቅማጥ ያጣችውም ውኃና እነዚያኑ ጨዎች ነበር፤ እንባዋ ሲመለስ ሐኪሙ ያየው ሰውነቷ ውስጥ ፈሳሽ መመለሱን ነው። ንጹሐን ገጾቹን ሳልማራቸው ሌላ ትምህርት ላይ ከፍ ያለ ነጥብ አምጥቼ 350ን ባልፍ ኖሮ ጉድለቱ እዚህ ድረስ ይከተለኝ ነበር። መድገም የጠቀመኝ ነጥብ ስለጨመረልኝ ብቻ አይደለም፤ የጎደለኝን እንድማር ስላስገደደኝ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ያለፉት 5.4 በመቶ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ማደጉ ደስ ይላል። በዚያው ዓመት ግን ከ536 ሺህ በላይ ልጆች ጥር 2015 እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆመዋል። ከነሱ መካከል ሐኪም መሆን የሚፈልጉ ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ክረምት አገር ቤት ስገባ እየመጡ ይጠይቁኛል። ልድገም? ይሉኛል።

እኔም መልስ አልሰጥም። ያለፉ ዓመታት ፈተና ሰጥቼ ስሕተታችሁን እስከ ሥሩ ተከተሉት እላቸዋለሁ። ስሕተቱ ባንድ ቦታ ከተከማቸ፣ ምዕራፉ ተለይቶ ከታወቀ፣ እስከ ፈተናው ያለው ጊዜም ለዚያ ከበቃ፣ መድገም ተገቢ ነው። በሁሉም ቦታ ከተበተነ፣ ወይም ችግሩ ቋንቋው ከሆነ፣ አስተማሪና ጓደኛ ያለበት ቦታ ይሻላል፤ ሬሜዲያል ከተገኘ ሳያፍሩ መግባት ነው። ቀጥሎ ቤተሰብ ጋ ተቀምጦ ሰዓትን በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። በተለይ ሴት ልጅ ከሆነች፣ ማን ውኃ ይቀዳል፣ ማን ገበያ ይሄዳል የሚለው ሳይወሰን የተጀመረ ጥናት አይዘልቅም። መመዝገቢያ ቀኑንና የምደባውን ደንብ ከወሬ ሳይሆን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። በእልህ ብቻ ልድገም የሚለውን ግን ቁጭ አድርጌ አወራዋለሁ፤ እልህ ሲያልቅ ምን እንደሚተርፈው እጠይቀዋለሁ።

ለወላጆችና ለጎረቤቶች የምለው ደግሞ አጭር ነው። የወደቀ ልጅ ስንት እንዳመጣ ያውቀዋል፤ እሱን አትጠይቁት። የትኛው እንዳቃተው ጠይቁት፣ እንደ አባቴ። ለመምህራንም እንዲሁ፤ በኮሮና፣ በጦርነት፣ በመፈናቀል ሳይማሩ ያለፉ ምዕራፎች በየክፍሉ አሉ፤ ልጆቹ ግን የማይማሩት ስለማይገባቸው ይመስላቸዋል። ያልተማሩት መሆኑን ንገሯቸው። እኔን ያ ንግግር ነው ያተረፈኝ፤ ለግማሽ ሚሊዮን ልጅም ሊነገር ይገባል።